ሳልታመም ሙሉ ሰውነቴን ኤምአርአይ ልነሳ? ብሩ አለ፣ ልቤ ግን አልቆረጠም

የብየዳ ቤቱ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። አሳጥሬ ልጽፍ ብዬ ነበር አልሆነልኝም፣ ታገሱኝ።

42 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት አለኝ፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። አሞኝ አያውቅም ማለት ይቻላል። ወገቤን አልፎ አልፎ ያመኛል፣ እሱ ደግሞ ላሜራ ስሸከም ነው። ከዚያ ውጪ ሐኪም ቤት የምሄደው ሰው ልጠይቅ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ዐረፈ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው አሉን። ሲነገረን 47 ዓመቱ ነበር፣ ጉበቱም ጋ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" አለን። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ቀደም ብለን መቼ? ሰውዬው እኮ ሥራ ላይ ነበር።

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። እዚያ ጤነኛ ሰው 2,500 ዶላር ገደማ ከፍሎ አንድ ሰዓት ያህል ማሽን ውስጥ ይተኛል፣ ሙሉ ሰውነቱ ይታያል፣ የተደበቀ ነገር ካለ ሳያመው በፊት ይያዛል ይላል። ኪም ካርዳሺያንም ተነስታ ለጥፋዋለች። "ጨረር የለው፣ ቢላ የለው፣ ምን ትጠብቃለህ? ግማሹን እኔ እከፍላለሁ" አለኝ።

አዲስ አበባ አንድ ቦታ ደወልኩ። የሚከፈለው በየክፍሉ ነው አሉኝ። ጭንቅላት ለብቻ፣ አከርካሪ ለብቻ፣ ሆድ ለብቻ፣ ዳሌ ለብቻ። ስደምረው አንድ ደህና ሰንጋ ይገዛል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ "ማን ነው ያዘዘልዎት?" አለችኝ። ማንም አላዘዘልኝም፣ ደኅና ነኝ ስላት ትንሽ ዝም ብላ "እሺ… ቢያጽፉ ይሻላል" አለች።

ባለቤቴ "ያላመመህን ምን ትነካካዋለህ፣ የተኛ ነገር አትቀስቅስ" ትላለች። እናቴ ደግሞ ሂድ ነው የምትለው። አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አቅም የለኝም ብላ። ሦስት ልጆች አሉኝ። መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ተነስቶ የሚያውቅ አለ? ይጠቅማል ወይስ ብር መጣያ ነው? ቀልድ ባታበዙብኝ ደስ ይለኛል።

ጦሳ ሥር

ሰንጋውን ግዛና አብረን እንብላው፣ ከዚያ ሁላችንም በአንድ ላይ እንመረመራለን 😂

ይቅርታ፣ የመጨረሻዋን መስመር ዘግይቼ ነው ያየኋት። ወንድምህን ነፍስ ይማር።

እሙ ሀያት (ደሴ)

እኔ ተነስቻለሁ። የደረሰብኝን ልንገርህ፣ አንተ ታመዛዝነዋለህ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እህቴን ለወገቧ አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። እሷ ስትነሳ ውጪ ቁጭ ብዬ፣ ካለሁማ እኔም ሆዴን ልታይ አልኩ። የማውቀው ሐኪም ጻፈልኝ። ወላሂ ምንም አላመመኝም ነበር። ሰው ሱቅ ገብቶ ያላሰበውን ገዝቶ እንደሚወጣው ነው።

ውጤቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉም ደህና፣ ደህና፣ ደህና ይልና አንዲት መስመር አለች። ጉበት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነገር ታይቷል፣ ምንነቱ በዚህ አልለየም፣ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) በመርፌ ተሰጥቶ እንደገና ይታይ። እኔ ስለ ጉበት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የጎረቤቴን ባል የወሰደው ጉበት ነው። ማታ ባሌ ሲተኛ ስልኬን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዤ እየገባሁ ቃሉን አንድ በአንድ ስፈልግ አድራለሁ። ወረቀቱን ቁርኣኑ ያለበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ፈራሁ።

አራት ወር። ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለስኩ፣ የጆሮዬን ወርቅ ሸጥኩ። ስድስት ኪሎ ቀነስኩ። ኪሎዬ ሲቀንስ ደግሞ ይኸው ካንሰሩ ጀመረኝ አልኩ። እንቅልፍና ምግብ አጥቼ እንደከሳሁ አልገባኝም።

መጨረሻ ላይ ሄማንጂዮማ ነው አሉኝ። የደም ሥር ጥቅል ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ምንም አያደርግሽም፣ ምናልባት ከልጅነትሽም ነበረ አለኝ ዶክተሩ እየሳቀ። እሱ ሳቀ። እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ ወጣሁ፣ ግን እስከ ዛሬ ቀኝ ጎኔን ትንሽ ከወጋኝ እጄ ቶሎ እዚያው ነው የሚሄደው።

አትሂድ አልልህም። አብሽር፣ አንተ ወንድምህን አጥተሃል፣ ያንተ ፍርሃት የኔን አይመስልም። ብቻ ማሽኑ "ደህና ነህ" ብሎ በሰላም ይሸኘኛል ብለህ ከሆነ የምትሄደው፣ እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

ማግኔት ክፍል

እኔ ማሽኑን በየቀኑ የማንቀሳቅስ ሰው ነኝ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ራዲዮግራፈር ነኝ። ምስሉን እኔ አነሳለሁ፣ የሚያነበው ራዲዮሎጂስቱ ነው። ይህን ለይታችሁ ያዙልኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ብየዳ ቤት አለኝ ብለሃል። በግራይንደር ስትቆርጥ ብናኝ ዓይንህ ገብቶ ያውቃል? ገብቶ ሐኪም አውጥቶልህ ያውቃል? መነጽር ሳታደርግ ስንት ዓመት ሠራህ? ይህን የምጠይቅህ ለወሬ አይደለም። እኔ የምሠራበት ማሽን 1.5 ቴስላ ነው፣ ከመሬት መግነጢስ ወደ 30 ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ዓይን ውስጥ የቀረች የብረት ቅንጣት አንተ ላታውቃት ትችላለህ፣ ማግኔቱ ግን ያውቃታል። ልትንቀሳቀስና ዓይንህን ልትጎዳ ትችላለች። ስለዚህ ብረት የሚቆርጥ ሰው ሲመጣ ይህን ሳልጠይቅ አላስገባም፣ ከተጠራጠርን መጀመሪያ ዓይኑን ራጅ እናነሳዋለን። ወደፊት ለየትኛውም ምክንያት ኤምአርአይ ቢታዘዝልህ ብየዳ ቤት እንዳለህ ራስህ ተናገር፣ እስኪጠይቁህ አትጠብቅ።

ወደ ጥያቄህ። የአክስትህ ልጅ ጨረር የለውም ያለው እውነት ነው። ራጅና ሲቲ ስካን በኤክስ ጨረር ነው የሚሠሩት፣ ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሰውነትህ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ማሽኑ የሚያየው ውኃው ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ነው። ድምፁ ግን የጉድ ነው፣ እንደ አንተ ቤት መዶሻ ነው፣ ጆሮ መድፈኛ እንሰጣለን።

ጨረር የለውም ማለት ግን ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። ጣጣው እሙ ሀያት የጻፈችው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ምንም ያላመማቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር፣ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ ገደማ ላይ ወይ አሳሳቢ የሆነ ወይ ምንነቱ ያልለየ ነገር ተገኝቷል። የውሸት ማንቂያውን በቆጠሩት ጥናቶች ደግሞ ከመቶ 16 ያህሉ የተባለው ነገር ሲጣራ ውኃ የበላው ነው። እነዚህ ሰዎች በመነሳታቸው ረጅም ዕድሜ ኖሩ ወይ የሚለውን ያሳየ ጥናት ግን አልነበረም። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ (የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ነው) ራሱ በ2023 ምልክትም ሆነ የቤተሰብ ታሪክ ለሌለው ሰው ይህን ለመምከር በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መግለጫ አውጥቷል። ልብ በል፣ ይህን ያሉት ከዚሁ ማሽን እንጀራ የሚበሉት ናቸው።

ወገቤን ያመኛል ብለሃል ደግሞ። አከርካሪህን ከተነሳህ ዲስክህ ላይ የሆነ ነገር መጻፉ አይቀርም ብል ብዙ አልሳሳትም። ምንም የማያማቸው የ40 ዓመት ሰዎች ተነስተው 68 ከመቶው ዲስካቸው አርጅቶ፣ ግማሾቹ ደግሞ ወጣ ብሎ ታይቷል። ይህ እንደ ሽበት ነው። ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን ሽበት አይመስልም፣ ሰው ከሥራ ይወጣል፣ የሚያውቀውን ሸክም ይፈራል። ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን ዋናው። ወንድምህን የወሰደው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው ብለሃል። የሙሉ ሰውነት ኤምአርአይ ያንን ቀድሞ ለመያዝ የሚሆን ምርመራ አይደለም። አንጀት ዝም ብሎ አይተኛም፣ ይንቀሳቀሳል፣ ውስጡ ምግብና አየር አለ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ገና ግማሽ ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ሥጋ ነው። ያውም ሙሉ ሰውነት በአንድ ሰዓት ሲባል እያንዳንዱ ቦታ በጥድፊያ ነው የሚታየው። የሰንጋውን ዋጋ ከፍለህ፣ "ሆድ ደህና" የሚል ወረቀት ይዘህ፣ አንጀትህን ማንም በደንብ ሳያየው ኮምቦልቻ ልትገባ ትችላለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ከእሙ ሀያት አራት ወርም ይብሳል።

ለአንዳንድ ሰው በሽታ ሳይኖር ኤምአርአይ ይታዘዛል፣ አልክድም። የጡት ካንሰር በዘር የሚያመጣው የጂን ለውጥ ያለባት ሴት ጡቷን በየዓመቱ ትታያለች። እሱ ግን የተለየ ስጋት ለተለየ ቦታ ነው፣ ጥርግ አድርጎ ማየት አይደለም።

ከጎኔ አለ

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። እኔ ከጦርነቱ የቀረ ፍንጣሪ ጎኔ ውስጥ አለ። ኤምአርአይ ጨርሶ አይቻልም ማለት ነው?

ማግኔት ክፍል

ጨርሶ አይደለም። የት እንዳለ፣ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነና ከደም ሥር ወይም ከነርቭ ያለው ርቀት ነው የሚወስነው። ከዓመታት በኋላ ሥጋ ይዞት የተቀመጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ ግን ውሳኔው የራዲዮሎጂስቱ ነው። የድሮ ራጅ ካለህ ይዘህ ሂድ፣ ከሌለህ መጀመሪያ ራጅ ተነሳ። ዝም ብለህ እንዳትገባ ብቻ። እዚህ አገር አሁን ይህን ጥያቄ በሳምንት ስንቴ እንደምጠይቅ ብነግርህ።

ወሎዬ ከዳላስ

ኧረ ቆይ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ ተነሳችሁበት። እኔ ሌላ ጎን አለኝ።

አማቴ ለሐሞት ጠጠር አልትራሳውንድ ስትታይ፣ የሚያየው ልጅ "ኩላሊቷ ላይ ደግሞ ይህ ምንድን ነው?" አለ። 3 ሳንቲ ሜትር። ካንሰር ነበር። ኩላሊቷን ከፊል አወጡላት፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሆናት፣ ባለፈው ክረምት መጥታ እዚህ ከልጆቼ ጋር ስትሯሯጥ ነበር። ኩላሊቷን ፈልጎ የሄደ ማንም አልነበረም። ስለዚህ "የተኛ ነገር አትቀስቅስ" ሲባል እኔ ደሜ ይፈላል። አንዳንዱ የተኛ ነገር ሲነቃ ነው የሚገድለው።

ደግሞ እናንተ ያላችሁበት አገር ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲወድቅ ነው። ትንሽ ማብዛት ምን ይጎዳል? ሰውዬው የሰው ገንዘብ አይደለም የሚያወጣው።

ማግኔት ክፍል

የአማትህ ነገር እውነት ነው፣ ደስ ይላል፣ ዕድሜ ይስጣት። የኩላሊት ካንሰር አሁን አሁን በብዛት የሚገኘው እንዲህ ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። እሱን ማንም ልምድ ያለው ሰው አይክድህም።

ግን ሌላውንም ስማ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሰዉ የካንሰር ምርመራ ሲያደርግ ትንሽ ጨምሮ አንገቱን በአልትራሳውንድ መታየት ለመደ። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ምን ይጎዳል ተባለ፣ ልክ አንተ እንዳልከው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ ነው) ካንሰር ከ1993 ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ሆነ። በታይሮይድ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተነቃነቀም። የተገኘው አብዛኛው ሰው ይዞት ኖሮ በሌላ ምክንያት የሚሞት ዓይነት ነበር ማለት ነው። ሰዎቹ ግን አንገታቸው ተቀደደ፣ እንክብል ዕድሜ ልክ የሚውጡ ብዙ ናቸው፣ ድምፃቸው የተጎዳም አሉ። እነሱም እንዳንተ አማት "ቀድሞ ተገኘልኝ፣ ተረፍኩ" ነው የሚሉት። ማን ይነግራቸዋል?

አማትህን ትሆናለህ ወይስ እነሱን፣ ማሽኑ ቀድሞ አይነግርህም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ወሎዬ ከዳላስ

ይህችን አላውቅም ነበር። እሺ። ግን አሁንም አማቴን በኮሪያ አልለውጣትም 🙂

ሲስተር ሸዋ በር

ሁላችሁም ስለ ማሽኑ ትከራከራላችሁ። ወንድሙ በምን ምልክት እንደጀመረው የጠየቀው ሰው አለ?

የብየዳ ቤቱ፣ ወንድሜ፣ ነርስ ነኝ፣ ብዙ ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ካላስቸገርኩህ፣ ወንድምህ ከመታወቁ በፊት ባለው ዓመት ምን ምን ነበረው? ሰገራው ላይ ደም ነበር? ደም ማነስ ተብሎ ያውቃል? ስንት ወንድምና እህት ናችሁ?

የብየዳ ቤቱ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዓይኔ ሁለት ጊዜ ብናኝ ገብቶበት አስወጥቻለሁ፣ ይህን ለመናገር ትዝም አይለኝም ነበር።

ሲስተር፣ ጥያቄሽን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። አዎ ነበረው። ደም ነበር። ዓመት ሙሉ። ኪንታሮት ነው ብሎ ዝም አለ፣ ለእኔም የነገረኝ እየሳቀ ነው፣ ወንበር ላይ ብዙ ስለምቀመጥ ነው እያለ፣ ሹፌር ነበር። አንድ የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ቅባት ሰጠው፣ ትንሽ ተወት አደረገው መሰለኝ፣ ደስ አለን። ከዚያ ይደክመዋል፣ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ዓይኑ ይከደንበታል። ሁለት ቦታ ታየ። አንዱ ጋ ደም ማነስ ነው ብለው የብረት እንክብል ሰጡት፣ ሌላው ጋም የኪንታሮት መድኃኒት ጨመሩለት። ልብሱን አውልቆ የታየበት ጊዜ የለም። እሱም አልጠየቀም፣ አፈረ። እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሱሪው እየሰፋው ሲመጣ እኔ ጋ ብየዳ ቤት መጣና ቀበቶዬን ቀዳዳ ጨምርልኝ አለኝ። ሚስማር አጋልኩና በሳሁለት። ቆዳው ሲቃጠል የሸተተኝ አሁንም ይሸተኛል። "ጂም ጀመርክ እንዴ?" አልኩት። ሳቀ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ መጣ፣ ደግሜ በሳሁለት። ሁለት ቀዳዳ በገዛ እጄ። ያኔ ኤምአርአይ ቢኖረኝ እላለሁ እንጂ ያ ቀበቶ ራሱ ይናገር ነበር እኮ።

አምስት ነበርን። አሁን አራት ነን። አንዷ ጅዳ ናት።

እሙ ሀያት (ደሴ)

ያ አላህ። ወንድሜ አብሽር። አንተ ሐኪም አይደለህም፣ ቀበቶ ብሳልኝ ያለህን ነው የበሳኸው።

ሲስተር ሸዋ በር

አይዞህ። ይህን ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ፣ እዚህ ከሚያነቡት ውስጥ አሁን "ኪንታሮቴ ነው" ብሎ የተቀመጠ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም። ኪንታሮት ራሱ በጣም ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ደም ያየ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። ግን ሳይታይ ኪንታሮት ነው ማለት አይቻልም። ወንድ ልጅ ደግሞ ያለ ምክንያት ደሙ አያንስም። የወር አበባ የለው፣ አይወልድ፣ ታዲያ ደሙ የት ሄደ? እንክብሉን ከመስጠት በፊት የሚጠየቀው ይሄ ነው። በጓንት ጣት የሚደረግ ምርመራ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ማሽንም አይፈልግም፣ ማፈር ብቻ ነው የሚያስቀረው። ከእኛም ከእናንተም በኩል።

አሁን ወደ አንተ። አንተ "ምንም ስጋት የሌለው ጤነኛ ሰው" አይደለህም። የእናትህ ልጅ፣ ያውም ከ60 ዓመት በታች ሆኖ፣ በዚህ በሽታ ታውቆበታል። ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ሐኪሞች የሚከተሉት መመሪያ፣ በ40 ዓመት ወይም ወንድምህ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ቀድሞ የሚመጣው ይያዝና ኮሎኖስኮፒ ይደረግ ይላል። 47 ሲቀነስ 10፣ 37 ነው። አንተ 42 ነህ። ስለዚህ መመርመር አለብኝ ያልከው ልክ ነህ፣ እናትህም ልክ ናት። የተሳሳተው የማሽኑ ምርጫ ነው።

ኮሎኖስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው፣ በታች ይገባና ትልቁን አንጀት ከውስጥ ያየዋል። ይህ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ ሥጋ ነው የሚነሳው፣ እሱም ካንሰር እስኪሆን ዐሥር ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ሐኪሙ ፖሊፑን ካየው እዚያው በሽቦ ቆርጦ ያወጣዋል። ኤምአርአይ ቢያየውም እንኳ ማየት ብቻ ነው፣ ይኼኛው አይቶ ይነቅለዋል። ስሙ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ግን ማደንዘዣ ይሰጥሃል፣ የሚከብደው ከዚያ በፊት ያለው ማጠቢያ መድኃኒት ነው። ለቀሩት እህትና ወንድሞችህም ንገራቸው፣ ጅዳ ላለችውም። የወንድምህ ልጆች ደግሞ 37 ሲሞላቸው እንዳይረሱ የሆነ ቦታ ጻፉላቸው።

ሌላ፣ ግፊትህን መቼ ነው የተለካኸው? አልተለካሁም እንዳትለኝ። ክንድ ላይ ተጠቅልሎ የሚነፋው ጨርቅ ከዚያ ሁሉ ማግኔት የበለጠ ሰው ያተርፋል። ስኳርህንም ታይ። የጉበት ቫይረስ ቢ ተመርምረህ ነጻ ከሆንክ ክትባት አለው። ባለቤትህ ከ30 እስከ 49 ዓመት ውስጥ ከሆነች ለማኅፀን በር ካንሰር ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ፣ ኮምጣጤ መሰል ቀላል አሲድ የተነከረ ጥጥ ይነካና ቀለሙ ይታያል፣ ደቂቃዎች ነው። ሴት ልጅ ካለችህም ይህንኑ ካንሰር የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፣ ትምህርት ቤት ሲመጡ አትከልክላት።

የተረፈውን ብር ሰንጋ ግዛበት። ጦሳ ሥር ቀድሞ ተመዝግቧል።

ጦሳ ሥር

ሲስተር ያከበርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

የብየዳ ቤቱ (ኮምቦልቻ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልንገራችሁ።

ግፊቴን ተለካሁ። 160 በ100። ልጅቷ ደግማ ለካችኝ፣ ቁጭ በል ብላ ሩብ ሰዓት አቆይታ ሦስተኛ ለካችኝ፣ ያው ነው። በሌላ ቀን ተመለስ ተባልኩ፣ ተመለስኩ፣ አልወረደም። አሁን መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ጨውም ቀንሽ ስላት ባለቤቴ ወጡን ውኃ አድርጋዋለች። ምንም አይሰማኝም ነበር እኮ! ራስ ምታት እንኳን። ስኳሬ ደህና ነው።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ተቆጣ፣ "እንዲህ ያለ ዕድል እየሰጠሁህ" አለ። የማግኔት ክፍልን ጽሑፍ ላክሁለት። አንድ ቀን ዝም አለና "የእኛም አባት በምን እንደሞተ ማንም አልነገረኝም" ብሎ ጻፈልኝ። አሁን እሱም ሊታይ ነው፣ ብሩን ደግሞ ለእኔ ኮሎኖስኮፒ ይሁን ብሏል።

ጅዳ ያለችው እህቴ አለቀሰች፣ ከዚያ እሺ አለች። ታናሻችን ግን "በዚያ በኩል ማንም አይነካኝም" ብሎ ስልኩን ዘጋው። በእሱ ላይ እየሠራን ነው።

ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ሐሙስ ደሴ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። የሚጠጣውን መድኃኒት ሰጥተውኛል፣ ወረቀቱ ላይ ከቀኑ በፊት ቀላል ምግብ ይላል። ሲስተር፣ ሹሮ ቀላል ነው አይደል?

ሲስተር ሸዋ በር

ሹሮ ቀላል አይደለም! ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ እንጀራ፣ ፍራፍሬ ከነዘሩ፣ ሁሉንም ሁለት ሦስት ቀን ቀድመህ ተው። ነጭ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ነጭ ዳቦ ይሁን። ዋዜማውን ረቡዕ ደግሞ ፈሳሽ ብቻ፣ ያውም የሚያሳይ ፈሳሽ። ውኃ፣ ሻይ በስኳር፣ የተጣራ የሥጋ መረቅ። ወተት የለም፣ ቀይ ጭማቂ የለም፣ ደም ይመስላል። የግፊት መድኃኒትህን ትውሰድ አትውሰድ እነሱኑ ጠይቃቸው፣ በራስህ አታቁም።

ከዚያ ደግሞ ይህን ስማኝ። መድኃኒቱን ኮምቦልቻ ጠጥተህ ሌሊት ሚኒባስ እንዳትሳፈር። ረቡዕ ቀን ላይ ውጣና ደሴ ዘመድ ቤት እደር፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ የሆነ። ያንን ጠጥቶ ሐረጎን የወጣ አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ረዳቱ እስከ ዛሬ ሲያየው መንገድ ይቀይራል።

የብየዳ ቤቱ (ኮምቦልቻ)

😂😂 ገባኝ ሲስተር። ፒያሳ አጎቴ ቤት አድራለሁ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ በሩ እንደማይዘጋ ትዝ አለኝ፣ ማጠፊያ ይዤ ልሂድ።